የይሥሐቅ አበባ

በርገን፣ ኖርዌይ
ሚያዝያ 14 ቀን 1994 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደዱት አጎቴ፣ ለጥድ አፋፍ ማርያም ገበዝ ለቄስ መርስዔ ኃዘን፤

ከባሕር ማዶ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜ፣ መስቀልዎን ተሳልሜ፣ እንደምን ከረማችሁ እላለሁ። እርስዎ፣ እትዬ አመተሥላሴ፣ ጎረቤቱ፣ በጉ፣ የዘንድሮው ገብስ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኔ የማርያም ምልጃ ሳይለየኝ ደህና ነኝ።

የእናቴን የአስካለ ማርያምን ሙት ዓመት በክብር እንዳወጣችሁ ሰማሁ። እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። ለቀብሯ አልደረስኩም፣ ለሙት ዓመቷም አልተገኘሁም። እዚህ ያሉ የአገር ልጆች ስለ እናታቸው ሲያወሩ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሰማው። ሰው ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኛል።

መቃብሯ ከድንጋይ ክምር በቀር ምንም የለበትም አሉኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ሥራዬ ከአበባ ጋር ነው፤ የከተማው አትክልት ክፍል ውስጥ ነኝ። አንድ ጊዜ ከተተከለ በየዓመቱ መዝራት የማይፈልግ የአበባ ዘር አለ። በበረዶው ወራት ከላይ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን አይሞትም፤ ወቅቱ ሲደርስ እንደገና ያቆጠቁጣል። ከዚያ ዓይነቱን መርጬ ልላክልዎ ብዬ አሰብኩ። ለመምረጥ ግን ቦታውን ማወቅ አለብኝ። መቃብሯ ፀሐይ የሚያገኘው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ጥላውስ የምንድን ነው? ውርጭ የሚወርደው መቼ ነው? መሬቱ ውኃ ያቁራል ወይስ ያሳልፋል? ይህን ሳያውቁ አበባ መላክ በሽተኛውን ሳያዩ መድኃኒት እንደ ማዘዝ ነው።

ፎቶዬን አብሬ ልኬያለሁ። መንገድ ዳር ሥራ ላይ ሳለሁ ጓደኛዬ ያነሣኝ ነው። መክሳቴን አይተው እንዳይሠጉ፤ ብርዱ ነው።

ልጅዎ ይሥሐቅ ወሰኔ


ጥድ አፋፍ ማርያም፣ መንዝ
ሐምሌ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ። ለእኅቴ ልጅ ለይሥሐቅ፤ ሰላም ለከ። የእመቤታችን ጥላ በሄድህበት ይከተልህ፤ የበረዶውን አገር እንደ አገርህ ሜዳ ያድርግልህ። እኛ በቸርነቱ አለን። ገብሱ መልካም ነው፤ በጉ ወልዷል፤ እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ለወሬ አልሰነፍሁም።

የአበባ ሊቅ ሆንህ አሉ። ልጅ ሳለህ የአባትህን ማሳ ስታርም ገብሱን ነቅለህ እንክርዳዱን የተውህ አንተ አይደለህም? አባትህ ወሰኔ ሊገርፍህ ሲያባርርህ እናትህ ከኋላዋ ደብቃህ፣ «ምን ያድርግ፣ ያማረውን መርጦ ነው የተወው» ያለችውን አልረሳሁም። እንክርዳድ መቼም ማማሩን ማን ይክዳል።

እንግዲህ ቦታው እንዲህ ነው። የእናትህ ራስጌ ከትልቁ ጥድ ሥር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ግርጌዋ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ከወጣች እስከ ቀትር አትለየውም። መሬቱ ዳገት ነው፤ ውኃ አይቆምበትም። ያንተ አገር በረዶ ከደመና ይወርድ ይሆናል፤ የኛ ውርጭ የሚመጣው ሰማዩ ሲጠራ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ነጭ ሆኖ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። በአንድ ቀን ሁለቱንም የሚችል ፈልግ።

ድንጋይ ብቻ ነው ያለህ ሰው ዋሽቶሃል። በግርጌዋ ጦስኝ አለ። በራስጌዋ፣ ጥላው ውስጥ፣ አንዲት መሬት ለመሬት የምትሄድ ቅጠል አለች። ጧት ጠሉን በቅጠሏ ላይ ይዛው ትቆያለች፤ ስሟን የሚያውቅ አላገኘሁም። ነገር ግን እነዚህ አበባ አይባሉም። ነቅዬ ቦታውን አጸዳለሁ።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ በጥቅምት የሚፈካ ይሁን። ከወንዝ ማዶ ያለው ደብር በሩ ላይ ጽጌረዳ ከተከለ ወዲህ በዘመነ ጽጌ ሕዝቡ ለማኅሌት ወደዚያ ነው የሚጎርፈው። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ስለ አበባ እየዘመርን በቅጥራችን ያለው ሣማ ነው። ለእናትህም ይሁን፣ ለደብራችንም ጌጥ ይሁን።

አመተሥላሴ ፎቶውን አገላብጣ አይታ፣ «ከኋላው ያለው ጆንያ ውስጥ አበባ ታጭቆ አየሁ፤ ወይን ጠጅ ነው፤ ለምን ተነቀለ?» ትልሃለች። እኔም እንጃ አልኋት።

አጎትህ ቄስ መርስዔ ኃዘን


በርገን
ጥቅምት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣ ለምርቃትዎ አሜን ብዬ እጅ እነሣለሁ። እትዬ አመተሥላሴንም ጉልበታቸውን ሳሙልኝ። የደብሩ ካህናት፣ ሽማግሎቹ፣ ሁሉም በሰላም ይክረሙልኝ።

የገብሱን ነገር አንሥተው አሣቁኝ። አሁን እንኳ ለይቼ አውቃለሁ።

ሦስት እሽግ ዘር ልኬያለሁ። ሁለቱ ለራስጌዋ፣ ለጥላው ናቸው። አንደኛው ቅጠሉ ሰፊ፣ አበባው ነጭ ነው፤ ሁለተኛው ሰማያዊ ሆኖ ጎንበስ ያለ ነው። አፈሩን አለስልሰው የበሰበሰ ፍግ ይቀላቅሉበት። ሦስተኛው የፀሐይ ነው። ቁመቱ እስከ ደረት ይደርሳል፤ አበባው ዘለላ ሆኖ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ወይን ጠጅ፣ አንዳንዱም ሮዝ ነው። ብዙ አይጠይቅም። ድንጋይ ላይ ይይዛል፤ ውርጭ አይገድለውም፤ ፍግ ባያገኝም ግድ የለውም። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ዘሩን ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድረው በሰኔ ይዝሩት። በደቡብ በኩል ያድርጉት፤ ፀሐይ የሚበዛው እዚያ ነው። ይህን ሦስተኛውን ከሱቅ አልገዛሁትም፤ በገዛ እጄ የለቀምኩት ነው።

እትዬ ስለ ጆንያው ለጠየቁት፣ የሥራ ጆንያ ነው። መንገድ ስናጸዳ የምንይዘው ነው።

በጽጌ እንዲፈካልዎ እመኛለሁ። ሲፈካ ይጻፉልኝ። እናቴ በአበባ መሐል እንዳለች ባውቅ እኔም በሰው መሐል ቀና ብዬ መሄድ የምችል ይመስለኛል።

ልጅዎ ይሥሐቅ


ጥድ አፋፍ ማርያም
ኅዳር 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ። ለልጄ ለይሥሐቅ፤ እንደ ሊባኖስ ዝግባ ያለምልምህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ፤ ደጅህ ከበረከት አይጉደል። ከቤቴ እስከ ደብሩ ሰው ሁሉ ሰላም ይልሃል።

የዘገየሁት የማሳይህ ነገር እስኪኖር ነው። ከሦስቱ እሽግ የአንዱ ብቻ ዕድሜ ረዘመ። የጥላዎቹን እንዳልኸኝ ከጥዱ ሥር ዘራኋቸው። ያንተ አገር ጥላ እርጥብ ነው መሰለኝ፤ የኛ ጥድ ግን ጥላውን ለሰው ሰጥቶ ውኃውን ለራሱ ይጠጣል። ነጩ ሳይወጣ ቀረ፤ ሰማያዊው ሁለት ቅጠል አውጥቶ ክረምቱ ሲወጣ ደረቀ። ደግሞ በደቡብ በኩል ይዝሩት ብለሃል። ልጄ፣ እኛ ጋ ፀሐይ በበጋ በደቡብ፣ በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ፈረንጅ በአንድ በኩል አስሯት ይሆናል እንጂ እዚህ ልቅ ናት።

የፀሐዩ ግን ጉድ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ይባል የለ? አምና አንድ ሁለት ዘለላ አሳየኝ። ዘንድሮ መስከረም ሳይጋመስ የእናትህ ግርጌ በሙሉ ወይን ጠጅ ሆነ። በጽጌ ለማኅሌት የመጣው ሰው ቅጥሩን ሞልቶ ከውጭ ቆመ። የወንዝ ማዶው ገበዝ እንኳ መጥቶ አይቶ፣ «ከየት አገኛችሁት?» አለ። «የእኅቴ ልጅ ከባሕር ማዶ የላከው ነው» አልሁ፤ ድምፄንም ዝቅ አላደረግሁም። አሁን አገሩ ሁሉ የይሥሐቅ አበባ ነው የሚለው። ጎጃም ተምሮ የመጣው መሪጌታችን ብቻ፣ «ቅጠሉ ግብጦ ይመስላል፤ ግብጦ ደግሞ መራራ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ይህ የማርያም ነው ብዬ አፉን አስያዝሁት።

ልጆች እየቀነጠሱ ቢያስቸግሩኝ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ «ይህን አበባ የነቀለ ውጉዝ ይሁን» ብዬ ገዘትሁ። ከዚያ ወዲያ የሚነካው ጠፋ። ሴቶቹ ግን ፍሬውን ለበረከት በነጠላቸው ጫፍ እየቋጠሩ ወሰዱ። በየደጁ፣ በየማሳው ወሰን፣ እስከ ጓሳ መውጫ ድረስ በቅሏል። እናትህ አገር አለበሰች በለኛ።

አጎትህ መርስዔ ኃዘን


በርገን
የካቲት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤ እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። እትዬን፣ ካህናቱን ሁሉ ሰላም በሉልኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስሜን በአበባ መጥራታቸው አስደነገጠኝም፣ አስደሰተኝም። ለሥራ አለቃዬ ብነግረው ትኩር ብሎ አየኝ። ጠባዩ ነው።

አንድ ነገር ልለምንዎ። አበባው ረግፎ ፍሬው ሳይደርቅ ዘለላውን ቢቆርጡት ተክሉ ይጠነክራል፤ በሚቀጥለው ዓመት የበለጠ ያማረ ያወጣል። ዘሩንም ለሰው ማደሉን ቢተዉት ጥሩ ነው። በየቦታው ከሆነ የእናቴ መቃብር ከሌላው አይለይም። ሌላ ምክንያት ኖሮኝ አይደለም።

በጎቹ ደህና ናቸው?

ይሥሐቅ


በርገን
መጋቢት 30 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ላለፉት ሁለቱ መልስ አላገኘሁም። ፖስታው ከመሐል ሜዳ አልፎ ሳይደርስዎ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ታመው ይሆን? ወይስ የተቀየመኝ ሰው አለ? ለቅጥሩ አጥር የሚሆን ጥቂት ነገር በሰው ልኬ ነበር፤ እሱም ሳይደርስ እንዳይቀር።

ስለ አበባው ባይጽፉልኝም ግድ የለም። ስለ ራስዎ ብቻ ይጻፉልኝ።

ይሥሐቅ


ጥድ አፋፍ ማርያም
ሰኔ 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለይሥሐቅ ወሰኔ፤ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ደህና ነን። የላክኸው ደርሷል፤ አልተነካም፤ በአመተሥላሴ ሣጥን ተቀምጧል። ክረምቱ ገብቷል።

ለማወቅ ያህል ልጠይቅህ። ያን ተክል ከአንድ ቦታ ፈጽሞ ማጥፋት የፈለገ ሰው ቢኖር ምን ያደርጋል?

መርስዔ ኃዘን


በርገን
ነሐሴ 1 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤ እንኳን ለፍልሰታ ጾም በሰላም አደረሰዎ።

ጥያቄዎን እንዳነበብኩ መልሱን ጻፍኩ። ከላይ ማጨዱ ብቻውን አይበቃም፤ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ክንድ ያህል ይጠልቃል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ በአካፋ ከጎኑ ገብቶ፣ ሳይበጠስ ቀስ ብሎ ማውጣት ነው። ፍሬው ሲደርቅ በፀሐይ እየፈነዳ ዘሩን ርቆ ስለሚረጭ ከዚያ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። የነቀሉትን መሬት ላይ አይተዉት፤ አበባ የያዘው ተነቅሎም ዘሩን ይጨርሳል። ጆንያ ውስጥ ከትቶ ማቃጠል ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት ስለሚቆይ በየዓመቱ ተመልሶ መንቀል ይገባል። አንድ ዓመት ከዘለሉ ከመጀመሪያው ነው። ለከብት፣ በተለይ ለበግ፣ ፍሬው ጥሩ አይደለም።

ለምን ጠየቁኝ? እባክዎ ይንገሩኝ።

ይሥሐቅ


ጥድ አፋፍ ማርያም
ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ። ለእኅቴ ልጅ ለይሥሐቅ።

በዚህ ደብዳቤ ምርቃቱን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፤ እስከዚያ አፌ ከተመለሰልኝ።

የነሐሴውን ደብዳቤህን ለአመተሥላሴ አነበብሁላት። ስለ ሥሩ፣ ስለ አካፋው፣ ስለ ጆንያው። ስጨርስ ተነሥታ ያን ፎቶህን ከሣጥኗ አውጥታ ከፊቴ አኖረችው። ጣቷን ከጆንያው ላይ አኖረች። ወጥቼ እስኪመሽ ከቅጥሩ ተቀመጥሁ።

የጠየቅሁበትን ምክንያት አሁን ስማ። ባለፈው ዓመት በጥር፣ ሣሩ ሁሉ ደርቆ ያንተ አበባ ብቻውን ለምለም ሆኖ ሳለ፣ የደብሪቱ በጎች ፍሬውን በሉ። ደብሪቱን ታውቃታለህ፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በነዚያ በጎች ነው የምትኖረው። ይንቀጠቀጡ ጀመር፣ አፋቸው አረፋ ደፈቀ፣ እስከ ማታ አለቁ። እርሷ ምን አደረገች መሰለህ? ሰው ሁሉ እያየ ከደጀ ሰላሙ መጥታ ተደፍታ አለቀሰች። «አባቴ፣ በጎቼ የተገዘተውን የማርያምን አበባ በልተው ተቀሠፉብኝ። ሳልጠብቃቸው ቀርቼ ነውና ንስሐ ይስጡኝ» አለችኝ። መሪጌታው ዞር ብሎ አየኝ። መራራ ነው ብሎኝ ነበር፤ አፉን ያስያዝሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ፣ «ልጄ፣ መርዝ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አልኋት። መስገድ የሚገባኝ እኔ ሆኜ እርሷን ስግደት አዘዝኋት። አርባ ዓመት በቅስና ስኖር እንዲህ ያፈርሁበት ቀን የለም። ላንተ መጻፍ ያቃተኝም ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰው መንቀል ይፈልግ ነበር፤ ማሳው ወሰን ላይ ገብሱን እየገፋው ነው። ግን ግዝቱን ፈራ። እኔ የገዘትሁት በቅጥሩ ያለውን ነበር፤ እነርሱ ግን ከዚያ የተወለደው ሁሉ የተገዘተ ነው አሉ። በገዛ ጓሯቸው የበቀለውን አጥር አጥረው ይጠብቁት ጀመር። ያንተን መልስ ከያዝሁም በኋላ እስከ ኅዳር ዝም አልሁ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

ዘንድሮ በኅዳር የጓሳ ጠባቂው ፈንታ ሽማግሎቹን ሰብስቦ መጣ። እንደምታውቀው የጋራ የሣር ሜዳችን ጓሳ ዝግ ነው፤ ከብት አይገባም፣ ሣር አይታጨድም። ፈንታ ከሣሩ መሐል ወይን ጠጅ አግኝቶ ነው። አልነቀለውም፤ እርሱም ፈርቷል። በሜዳው ተቀመጥን። አንደኛው ሽማግሌ፣ «ሰው ቢያጭድ እንቀጣለን፣ ከብት ቢገባ እንቀጣለን። ይህን ማን አስገባው እንበል? የአባቶቻችን ሣር በአበባ ሊያልቅ ነው» አለ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ስምህን በአበባው ላይ ሲጠሩት ከኖሩት ሰዎች ያን ዕለት አንድም ስምህን የጠራ የለም። ለኔ አዝነው ነው፤ ለእናትህም።

ተነሥቼ፣ «ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ የገዘትሁትም እኔ ነኝ። ያሰረ ይፈታልና ግዝቱን ፈትቻለሁ» አልሁ። ግን ማንም አልተንቀሳቀሰም። በቃል የታሰረ በቃል ብቻ አይፈታም፤ ሊያዩኝ ፈለጉ። ስለዚህ ተከትለውኝ ወደ ቅጥሩ ሄድን። የመጀመሪያውን የነቀልሁት ከእናትህ ግርጌ ነው። እንዳልኸው ሥሩ ጠልቋል። በጉልበቴ ተንበርክኬ ስቆፍር ደብሪቱ ከሕዝቡ ወጥታ ከጎኔ ተንበረከከች፤ አፈሩን በእጇ ትጠርግልኝ ጀመር። እዚያው «ይቅር በይኝ» አልኋት። «ይቆፍሩ አባቴ፣ እንዳይበጠስ» አለችኝ።

ስለ ጓሳው ቅጣት እኔው ጠየቅሁ። በሚመጣው ጊዜ ሲከፈት ቤቴ የሣር ድርሻ አይወስድም። የሣር ጣራዬ ዘንድሮ መታደስ ነበረበት፤ እንግዲህ ያፈስሳል። የወንዝ ማዶው ገበዝ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ አሣቀብኝ አሉ፤ እውነቱን ነው። ስሙም ተለውጧል። አሁን የገበዙ አረም ነው የሚሉት። ያንተ ስም ወጥቷል፤ በዚህ ደስ ይበልህ።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። የለቀምኸው ከጆንያው ነበር? ስትልከው ታውቅ ነበር? ብዙ አትጻፍልኝ።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ይህን ከልቤ ለመጻፍ ብዙ ቆይቻለሁ።

አጎትህ መርስዔ ኃዘን


በርገን
መጋቢት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለአጎቴ፤

አውቅ ነበር።

ብዙ አትጻፍ ስላሉኝ እዚህ ላቆም ፈልጌ ነበር። ግን ስለ ሥራዬ የዋሸሁትም ከዚሁ ጋር ነው። እዚህ አበባ ተካይ አይደለሁም። ሥራዬ ያንን አበባ ከመንገድ ዳር መንቀል ነው። ከሌላ አገር ለጌጥ አምጥተው የተከሉት ነው፤ አሁን ሜዳውን በላባቸው። በጋው ሲገባ አካፋና ጆንያ ይሰጡናል፤ እስኪያልቅ እንነቅላለን። የላክሁት ዘር ከምናቃጥለው ጆንያ የወጣ ነው። ያማረውን ነገር ለእናቴ መላክ ፈለግሁ፤ የሚገዛው ሁሉ ደግሞ ከዚያ ያነሰ መስሎ ታየኝ። መንዝ ከፍታው፣ ውርጩ፣ ድንጋዩ ይገድለዋል፣ ቢበዛ ከመቃብሯ አያልፍም ብዬ ራሴን አታለልኩ። እንደማይሞት ሲጽፉልኝ ደግሞ እውነቱን ከመናገር ይልቅ «ያማረ እንዲያወጣ ይቁረጡት» አልኩዎ። ያን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ፊቴ እንደ ጋለ አስታውሳለሁ። ያኔ አንድ ቃል ብጽፍ የደብሪቱ በጎች ይኖሩ ነበር።

ለጣራዎ ቆርቆሮ የሚሆን ልላክ ብዬ አስቤ ነበር። አፍሬ ተውኩት። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ለሰኔ መጨረሻ እደርሳለሁ፤ ዝናቡ አፈሩን ሲያለሰልሰው፣ ፍሬው ሳይደርቅ። እኔ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ከዚህ በቀር የማውቀው ሥራ የለኝም። ሰው ቤት አልገባም። ፈንታ ካለበት የጠባቂዎች ጎጆ ጥግ ቢሰጠኝ ይበቃኛል። ደብሪቱን ግን በየት በኩል እንደማያት አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከእናቴ ራስጌ የነቀሏት ጠል የምትይዘዋ ቅጠል ትዝ አለችኝ። ዘመዷ እዚህ አለች። በጥላ፣ በድንጋይ ሥር፣ ማንም ሳይተክላት በየዓመቱ ትመጣለች። በዚህ አገር ቋንቋ የማርያም ካባ ይሏታል። ለጥላ የሚሆን ዘር ስፈልግ በየቀኑ ስረግጣት ነበር።

እንድመጣ ይፈቀድልኝ?

ይሥሐቅ


ጥድ አፋፍ ማርያም
ግንቦት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

በስመ ሥላሴ። ለልጄ ለይሥሐቅ፤ መንገድህን ያቅናው፤ ያንን ሁሉ ሰማይ አሻግሮ ከደጃችን ያድርስህ፤ እናትህ ዳግም ሳታየው የቀረችውን ፊትህን እኛ እንድናየው ይፍቀድልን።

ና። በጠባቂዎች ጎጆ የምታድርበት ምክንያት የለም። ጣራዬ በአንድ በኩል ነው የሚያፈስሰው፤ በዚያ በኩል አንተ ትተኛለህ። አመተሥላሴ ናት የፈረደችብህ።

ለደብሪቱ ነግሬያታለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲነግርልህ አልፈለግሁም። ሰማችኝና፣ «መንቀል ያውቅበታል?» አለችኝ። «ከዚያ በቀር ሥራ የለውም» አልኋት። «እንግዲያው ከኔ ማሳ ይጀምር» አለች። የተቀየመችህ ወይም የማረችህ እንደሆነ እኔ አላወቅሁም፤ መጥተህ ራስህ እይ።

በእናትህ ግርጌ ጦስኙ ገና አልተመለሰም። በራስጌዋ ግን፣ ከጥዱ ሥር፣ ያቺ ቅጠል ማንም ሳይጠራት ተመልሳለች። ያልኸኝን ስሟን ለማንም አልተናገርሁም። ገበዙ ደግሞ ሌላ አበባ ይሰብክ ጀመር እንዳይሉኝ። እርሷም ስም የቸገራት አትመስልም።

ስትመጣ ስጦታ አትያዝ። ጫማህንም በደንብ አጥበው፤ የሱሪህን እጥፋት ፍታው፤ ከመሐል ሜዳ ሳታልፍ ኪስህን ሁሉ ገልብጠህ አራግፍ።

አጎትህ ቄስ መርስዔ ኃዘን